የጎረቤት ሐቅ ከባትሪው ላይ

በልጅነቱ «ከጎረቤት እሳት ጭረህ ና» ተብሎ ያልተላከ አንባቢ ካለ ከተማ ውስጥ ያደገ መሆን አለበት። እኛ ገል ይዘን እንሄድ ነበር። የጎረቤት እናት ከምድጃዋ ሁለት ሦስት ፍም በገሉ ላይ ታደርግልናለች፤ እኛም እንዳይጠፋብን እፍ እያልን እንመለሳለን። «ትናንትም ወስዳችኋል» የሚል አልነበረም። ዋጋ የሚጠይቅም አልነበረም። ሰው ቤት ገብታ ሳትቀመጥ የምትወጣ ሴት «እሳት ልትጭሪ ነው እንዴ የመጣሽው?» ተብላ ትተረብ ነበር፤ ነገሩ ያን ያህል የዘወትር ነገር ስለ ነበረ።

ለመሆኑ ያ ደግነት፣ ደግነት ነበርን? ወይስ ለሰጪው ምንም ስለማይጎድልበት ብቻ ቀልሎልን ኖሯል? ውድ አንባብያን፣ ይህን ጥያቄ ያስነሣችብኝ ዘንገና አጠገብ በአንዲት የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለች፣ ሦስት ትንንሽ መብራቶች ያሏት የሶላር ሳጥን ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ዒደል አድሓ የዋለው ሐምሌ 2 ቀን ነበር። እኔም ዐረፋን ከአክስቴ ጋር ላሳልፍ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ወደ አዊ ዞን ሄድሁ። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ ዘንገና ከቲሊሊ ወደ እንጅባራ ሲኬድ ከዋናው የባሕር ዳር አስፋልት ዳር የሚገኝ ሐይቅ ነው። በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን ዛፍ የከበበው ክብ ሐይቅ ሲሆን ጥልቀቱ ከመቶ ሜትር በላይ ነው። መንገደኛ መኪናውን አቁሞ ፎቶግራፍ ይነሣና ይሄዳል። ከሐይቁ ወዲያ ያለውን ኑሮ የሚያይ ጥቂት ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች፣ ቀርከሃና ፈረስ የሞላበት። ክረምቱ ግን ያስመርራል። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ የምትታየው በልመና ነው ብል ብዙም ማጋነን አይሆንብኝም።

የአክስቴ ቤት ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ገባ ይላል። የመብራት ምሰሶ እዚያ አልደረሰም ነበር። በ2012 ዓ.ም. አክስቴ በብድር ሶላር አስገባች። በቆርቆሮው ላይ ባለ 20 ዋት ፓነል፣ በግድግዳው ላይ ባትሪዋን የያዘች ሳጥን፣ ሦስት አምፖሎች፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ገመድ፤ ይኸው ነው። ሳጥኗ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የምታሳይ መብራት አለች። አረንጓዴ ሲሆን ባትሪው ጠግቧል፤ ቢጫ ሲሆን ጎድሏል፤ ቀይ ሲሆን ደግሞ ባትሪው እንዳይሞት መቆጣጠሪያው ራሱ ያጠፋዋል።

በዚያ ቤት ኩራዝ የነበረበትን ዘመን አስታውሳለሁ። ጋዝ በጠርሙስ ለመግዛት እንጅባራ ድረስ ይኬድ ነበር። ሲያጠና ያመሸ ልጅ ጧት አፍንጫው ጥላሸት ይተፋ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ጋዝን በቤት ውስጥ ማንደድ እንዲቀር መምከሩን ያነበብሁ ጊዜ የአክስቴ ሳል ነበር ትዝ ያለኝ። ስለ ኩራዝ ዘመን በናፍቆት የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ የፋኖስ ብርጭቆ ጠርገው የሚያውቁ አይመስለኝም።

አሁን በረመዳን ለሱሑር ስትነሣ ክብሪት ፍለጋ በጨለማ መዳበስ ቀርቶላታል። የልጅ ልጇ ከዒሻ ሶላት በኋላ ደብተሯን ትዘረጋለች። ላም ሌሊት ስትወልድ አንዷን አምፖል በረዥም ገመድ እስከ በረቱ ያደርሷታል። ደጃፍ ላይ የምታድረው አምፖል ጅብንም ሌባንም ታርቃለች ብላ አክስቴ ታምናለች፤ ስለ ጅቡ አላውቅም። ምድጃው ግን እንደ ነበረ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ በ20 ዋት እንጀራ አይታሰብም። ስለዚህ ጭሱ ቀኑን ሙሉ አብሯት ይውላል፤ ማታ ብቻ ነው የሚለቃት።

አንድ ሌላ ነገርም ተለውጧል። ቀድሞ ጋዝ ለመቆጠብ ሲባል ሁለት ቤተሰብ በአንድ ኩራዝ ያመሽ ነበር። የአክስቴ ጎረቤት፣ ክርስቲያን ናት፣ ጥጧንና እንዝርቷን ይዛ ትመጣለች። ወይም አክስቴ ወደ እሷ ትሄዳለች። የሁለቱ ጉርብትና ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ አንዷ የሌላዋን ሥጋ ባትበላም በቡናው፣ በዳቦው፣ በሐዘኑና በአራስ ጥየቃው አልተለያዩም። አክስቴ ሶላር ካስገባች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎረቤቲቱ ማታ ማታ ትመጣ እንደ ነበር፣ ከዚያ እያደር እንደ ቀረች ነገሩኝ። ምክንያቱን የጠየቀ የለም። እሷም በበኩሏ አንዲት ትንሽ የሶላር ፋኖስ ገዝታ ነበር፤ ባትሪዋ ሞቶ ከተጣለች ግን ያኔ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር።

በዒዱ ዋዜማ ማታ ይህች ሴት በዝናብ መጣች። ነጠላዋ ሥር የደበቀቻትን ትንሽ ስልክ አወጣች፤ መደወያ ብቻ የሆነች፣ ዘመናዊ ያልሆነች ስልክ። ልጇ ምጥ ይዟት ወደ እንጅባራ ሆስፒታል ተወስዳለች። ስልኩ ደግሞ ሊዘጋ ነው።

«እትዬ፣ ትንሽ ብትሰኪልኝ» አለች።

አክስቴ ወደ ግድግዳው እንኳ ዞራ አላየችም። «አይ እህቴ፣ ዛሬስ ቀይ አብርቷል። ፀሐይ ከጠፋች እኮ ሳምንት ሆናት። ነገ በጊዜ ይዘሽልኝ ነይ» አለቻት። ጎረቤቲቱም «እሺ፣ ምን ይደረግ፣ የሰማዩ ነገር ነው» ብላ ወጣች።

እኔ የተቀመጥሁት ከሳጥኗ ፊት ለፊት ነበር። የበራው ቢጫው ነው።

ሴትየዋ ከራቀች በኋላ «አክስቴ፣ ቢጫ ነው እኮ» አልኋት። «ዝም በል አንተ ልጅ» አለችኝ። «ልጅቱ ፈተና ደርሶባታል፣ ነገ ዒድ ነው፣ አንተም እንግዳዬ ነህ። በጨለማ ላሳድርህ ኖሯል?»

ዝም አልሁ። በማግስቱ ከዒድ ሶላት ተመልሰን ቡና ሲፈላ ጎረቤቲቱ እየሳቀች ገባች። ከእንጅባራ የመጣ ሰው ነግሯት ኖሮ ልጇ በደኅና ወንድ ልጅ ተገላግላለች። እልል ተባለ። ከዚያ ቁጭ ብላ ስኒዋን እንደ ተቀበለች አክስቴን «ባትሪሽስ ተሻለው ወይ እትዬ?» ብላ ጠየቀቻት። ነገር መፈለጓ አልነበረም፤ እንደ ታመመ ሰው ነው የጠየቀችላት። አክስቴ ጀበናውን ለማስተካከል ጎንበስ አለች፤ ብዙ ጊዜም ሳትቀና ቆየች።

እዚህ ላይ አክስቴን የሚኮንን አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ ተከሳሹ ሌላ ሰው ነውና። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የእኔ ስልክ በዚያች ሳጥን ላይ ተሰክቶ ነበር። ሒሳቡን ያሰላሁት አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው። ባለ 20 ዋት ፓነል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን አምስት ሰዓት ያህል በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ 100 ዋት ሰዓት ይሰጣል። በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 70 ያህል ቢቀር ነው። በሐምሌ ደመና ግን የዚያን ሩብ ካገኙ እሰየው ነው፤ ማለትም 17 ወይም 18። ሦስት ባለ ሁለት ዋት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት ሲበሩ 30 ይበላሉ። የእኔ ዓይነቱ ትልቅ ስልክ ከባዶ እስኪሞላ 20 ያህል ይወስዳል። የጎረቤቲቱ ትንሽ ስልክ ደግሞ 4፣ ቢበዛ 5።

እንግዲህ እኔ የዚያን ቀን ፀሐይ ከነሙሉው በልቼዋለሁ ማለት ነው። ምን ሠራሁበት? ሰው የላከልኝን የዒድ መልካም ምኞት ምስሎች ስከፍትና ስዘጋ አመሸሁ። ጎረቤቲቱ የፈለገችው የዚያን አራተኛ እጅ ነበር፤ ያውም የልጇን ድምፅ ለመስማት። የአክስቴ ባትሪ ቢጫ ያበራው በእኔ ምክንያት ሆኖ ሳለ በእኔ ምክንያት ዋሸች፤ እኔን በጨለማ ላለማሳደር። የእንግዳ ሐቅና የጎረቤት ሐቅ በአንዲት ሳጥን ውስጥ ተጋጩ፤ እንግዳውም አሸነፈ። ያሸነፈው እንግዳ ደግሞ ምንም አልቸገረውም ነበር።

ወደ ገሉ እንመለስ። ፍም ለጎረቤት ቢሰጥ ምድጃው አይቀዘቅዝም። ከአንድ ኩራዝ ሌላ ኩራዝ ቢለኮስ የመጀመሪያው አይደበዝዝም። እሳት ሲካፈሉት የሚበዛ ነገር ነው። ባትሪ ግን እንደ እህል ነው፤ ለሌላ የሰፈሩት ከጎተራው ይጎድላል። እኛ ግን ስለ መብራት የወረስነው ልማድ ሁሉ ከእሳት የመጣ ነው። አክስቴ እሳት ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት፤ አሁን የምትሰጠው ነገር እህል ሆኖባታል፤ ስሙ ግን እስካሁን «መብራት» ነው።

እዚህ ድረስ ሳስብ መጀመሪያ የደረስሁበት መደምደሚያ የአክስቴ የድሮ ደግነት ፈተና ያላየ ነበር የሚል ነው። ይሁን እንጂ ልክ አልመሰለኝም። እሳትም ቢሆን በነፃ አልነበረም። እንጨቱን ከጫካ የተሸከመው ጀርባ አለ። ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍና ያሳደረች፣ ሌሊት ተነሥታ ያየች ሴት አለች። እሳት የጠፋባት ሴት የምትኖረው እሳት ባልጠፋባት ሴት ድካም ነበር። ልዩነቱ ያንን ድካም የሚቆጥር መብራት በግድግዳው ላይ አለመኖሩ ነው። ሳጥኗ አክስቴን ንፉግ አላደረገቻትም፤ መቁጠር አስተማረቻት። መቁጠር የለመደ ሰው ደግሞ ማታ ማታ ግድግዳውን ማየት ይጀምራል።

እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ፈትዋ ለመስጠትም አልተነሣሁም። ይሁንና ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን እንዳስተማሩ ያልሰማ ሙስሊም ጥቂት ነው። ሱረቱል ማዑንም መጨረሻዋ ላይ ትንሹን የቤት ዕቃ ለጎረቤት የሚከለክሉትን ትነቅፋለች፤ ሙፈሲሮች ድስቱን፣ መጥረቢያውንና ባልዲውን በምሳሌነት ጠቅሰዋል። ስልክ መሰካት ከዚያ ይቆጠራል? እኔ እንደሚመስለኝ ይቆጠራል። ለአንድ ሰዓት የተዋሰችው መጥረቢያ ስለቷ እንደሚዶለዱም እናውቃለን፤ ማዑን መሆኗ ግን አልቀረም።

የፊቅህ ሊቃውንት በውሃ ላይ ያደረጉት ልዩነት ደግሞ ነገሩን ያቀልልናል። የወንዝና የሐይቅ ውሃ የሁሉ ነው። ሰው ቀድቶ በዕቃው ያስገባው ግን የራሱ ነው፤ ቢሸጠውም ያስኬደዋል። ይህ ለእኛ ጉዳይ የተበጀ ይመስላል። በዘንገና ላይ የሚያርፈው ፀሐይ እንደ ዘንገና ውሃ የሁሉ ነው፤ በባትሪ የገባው ግን የተቀዳ ውሃ ነው። አክስቴ ዕዳ ገብታ የገዛችው እንስራ ነው። ስለዚህ የሷ ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን በዚያው በውሃው ጉዳይ ከራስ የተረፈውን መከልከል ተነቅፏል። እንግዲህ ጥያቄው «የማን ነው?» ከሚለው ወደ «የቱ ነው ትርፉ?» ወደሚለው ይዞራል።

በዚህ ላይ ሶላር አንድ የሚገርም ጠባይ አለው፤ ብዙ ተጠቃሚዎች አያውቁትም። በበጋ፣ በጥርና በየካቲት፣ የአክስቴ ባትሪ ከቀኑ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ላይ ትጠግባለች። ከዚያ በኋላ መቆጣጠሪያው ከፓነሉ የሚመጣውን ይዘጋዋል። ፀሐይዋ እስከ ማታ ቆርቆሮው ላይ ስትወርድ ትውላለች፤ ለማንም አትውልም። ይህ በእውነት ትርፍ ነው፤ ቢሰጡት ከጎተራው አንዲት ፍሬ አይጎድልም። የበጋ ቀትር እንደ ድሮው እሳት ነው፤ የክረምት ማታ እንደ እህል። አንዲት ሳጥን በዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕግ ይኖራታል ማለት ነው። አክስቴ ግን ክረምት ከበጋ አንድ ዓይነት ፍርሃት ነበር የምትፈራው፤ አረንጓዴዋ መብራት «ጠግቤያለሁ» እንጂ «እየፈሰሰ ነው» አትልማ።

ይህንን በስልክ ነገርኋት። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ከደጃፏ ሥር ገመድ አውጥታ፣ የጎረቤት ስልኮች በቀትር እዚያ ተሰቅለው እንደሚውሉ የልጅ ልጇ ነገረችኝ። የክረምቱ ማታ ግን በዚህ አልተፈታም። በዚያች ማታ ባትሪው በእርግጥ ጎድሎ ነበር፤ ለሁሉም አይበቃም ነበር። ደጋግሜ ሳስበው ያጠፋነው ትልቁ ነገር አምስቱን ዋት ሰዓት መከልከላችን አይመስለኝም። አክስቴ «ጎድሎብኛል፤ የልጅቱም ፈተና አለ፤ ግን ያንቺ ምጥ ነው፤ ምን ይሻላል?» ብትላት ኖሮ ጎረቤቲቱ ራሷ «ለግማሽ ሰዓት ይበቃኛል» ትል ነበር፤ ወይም «ተይው፣ ልጅቱ ታጥናበት» ትል ነበር። ያን ማለት የምትችል ሴት ናት። በውሸቱ የተወሰደባት ለአክስቴ የማዘን ተራዋ ነው። እኔም «ስልኬን ንቀሉት» የማለት ተራ ነበረኝ፤ ቀድሜ በልቼው ተገኘሁ።

«ታዲያ ለምን አትከፍልም?» የሚል ይኖራል። በየገጠር ከተማው በትንሽ ብር ስልክ የሚሞሉ ሱቆች ሞልተዋል፤ ነውርም የለበትም። መብራት እንዲቀጥል መከፈል እንዳለበት የሰሜን ሸዋዋ ሬማ ታስተምረናለች። በዚያች መንደር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከአንድ ሺህ በላይ ለሚሆኑ ቤቶች ትንንሽ ሶላር ዘርግቷል፤ የሶላር ጥገና የሚማሩበት ትምህርት ቤትም እዚያው ተከፍቷል። ባለቤቶቹ ለጥገናውና ለባትሪው በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም አቀፍ የአሽደን ሽልማት አግኝቷል። ፀሐይ በነፃ ነች፤ ባትሪ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሞታል፤ የሚተካው ሰው ያስፈልጋል። የጎረቤቲቱ ፋኖስ የተጣለችው የሚተካላት አጥታ ነው። ስለዚህ የአክስቴን መቁጠር በስስት ብቻ የሚተረጉም ሰው የብድሩን ደብተር አላየም።

ነገር ግን አክስቴ ከጎረቤቷ አምስት ብር ብትቀበል ምን ይሆናል? በኋላ ጎረቤቲቱ ራሷ ልስጥሽ ብላት ነበር አሉ። አክስቴ ተቆጣች፤ «ሱቅ ከፈትሁ እንዴ?» አለቻት። አንዳንድ ወዳጆቼ አክስቴ ተሳስታለች ይሉኛል፤ ከውሸት አምስት ብር ይሻላል ነው የሚሉት። እኔም ከውሸት እንደሚሻል አልክድም። ሆኖም የከፈለ ሰው ቡና ሳይጠጣ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ የፀሐይ መብራት በአገራችን ሲጀመር የየቤቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንድ መንደር 10.5 ኪሎ ዋት ጣቢያ ተተክሎ፣ በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ፣ 300 ያህል ቤቶችን በአንድ መስመር ያበራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው አንድ ቤት፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ሳጥን የሆነው ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን ቤቶች 33ቱ ከዋናው መስመር፣ 24ቱ ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ በአብዛኛው ከሶላር፣ መብራት እንደሚያገኙ ገልጾ ነበር። የተቀሩት 43ቱ ከእነዚህ ቤቶች አጠገብ የሚኖሩ ናቸው።

ዋናው መስመር ሲደርስ ይህ ሁሉ ጣጣ ያበቃል የሚሉም አሉ። ከአዊ በስተምዕራብ ጉባ ላይ የተሠራውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ መስመሩ አንድ ቀን የአክስቴንም ቀበሌ ይደርሰው ይሆናል፤ ያድርሰው። ነገር ግን መስመር የደረሰን እኛ ከተሜዎች በአንድ ቆጣሪ ሦስት አራት ቤት ሆነን፣ በወሩ መጨረሻ «ምጣድ የጣደው ማነው?» እየተባባልን እንደምንጣላ የማያውቅ አለን? ቆጣሪም ያው የአክስቴ ሳጥን ነው፤ በቁጥር ይናገራል እንጂ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት መጥፋቱ ስለ ሰለቸኝ በ2016 ዓ.ም. ከቤቴ ጣሪያ ላይ ሶላር አስተከልሁ። ሁለት ባለ 550 ዋት ፓነል፣ ሊቲየም ባትሪ፣ ኢንቨርተር። የአክስቴን ሃምሳ አምስት እጥፍ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም እኔ ቤት ቴሌቪዥኑም ማቀዝቀዣውም አይቋረጥም። የእኔ ሳጥን በቢጫና በቀይ አታወራም፤ በመቶኛ ትናገራለች።

በግቢያችን ጀርባ ሰርቪስ ቤቶች አሉ፤ በአንዱ ወጣት ባልና ሚስት ከነሕፃናቸው ተከራይተው ይኖራሉ። ከግድግዳዬ የሚርቁት አራት እርምጃ ነው። ሶላሩ ከተተከለ በኋላ መብራት በጠፋበት በመጀመሪያው ማታ ሰውየው አላንኳኳም፤ ምንም አልጠየቀም። ልጁን ታቅፎ ወጣና በእኔ መስኮት በኩል ግቢው ላይ የሚወድቀው ብርሃን ጋ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እኔም አየሁት። መጋረጃውን ልዘጋ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ ለምን እንደ ሆነ እስካሁን አላውቅም። ከዚያ ዘንገና ትዝ አለችኝ።

መቶኛው ያን ማታ 90ን አልፎ ነበር። «ቀይ ነው» የምልበት ምክንያት እንኳ የለኝም። ያም ሆኖ ገመዱን ለመዘርጋት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ኤሌክትሪሻን ጠፋ፣ ሥራ በዛ፣ ነገ ይደረሳል ስል ቆየሁ። መጨረሻ ላይ አንዲት ባለ አምስት ዋት አምፖልና አንዲት ሶኬት ወደ ሰርቪስ ቤቱ ገባች። ሴትየዋ መርቃኝ ገባች፤ ምርቃቱ አሳፈረኝ።

በዚያው ማታ ባለቤቴ እራት ስታቀርብ «ታዲያ ኪራዩ ላይ ስንት እንጨምር?» አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ የባትሪውን ዋጋ አብራኝ የከፈለች እሷ ናት፤ ሲሞትም አብራኝ ትከፍላለች። «እስቲ እናስብበታለን» አልኋት። ይህን ስናገር ዐይኔ ሳላስበው ወደ ግድግዳው ሄደ። 83 ይላል።